ምንም የማትሠራው መስመር

ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር አንድ ሺህ ሃያ አራት ነበር። የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሙቀት እንኳን ክትባቱን፣ ማቀዝቀዣውንም ክፍሉንም ዶግ አመድ ባደረገው ነበር። እትዬ ተነሥታ ወደ ጎን ክፍል ሄደች፤ ማቀዝቀዣው እንደ ወትሮው እያጉረመረመ ቆሟል። በሩን ከፍታ እጇን ሰደደችበት። ቀዝቃዛ ነው። ውስጡ የተንጠለጠለው ቴርሞሜትር አራት ዲግሪ ይላል።

"ጩጬ!" አለች። "ያንተ ዕቃ ዛሬም አብዷል።"

"የኔ ዕቃ አራት ብሎ ነው የላከው" አለ ወንድሟ፣ ማቀዝቀዣው ጀርባ ከሽቦ ጋር ሲታገል ከነበረበት ብቅ ብሎ። "ያበደው ሰሚው ነው።"

ጩጬ ይባል እንጂ ጢሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ነች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ነቅሎ አልጨረሰም ነበር፤ ጫማውን ያሰረችለት፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችው፣ ሲታመም ደረቷ ላይ ያስተኛችው እሷ ነች። ኮምፒውተርም ያስተማረችው እሷው ነች። ኋላ በልጦ ሲሄድባት ደስታዋን ለሰው ሁሉ አወራች፤ ለእሱ ብቻ ሳትነግረው ቀረች። አሁን ከወላጆቻቸው ቤት ሁለቱን ክፍል ወርክሾፕ አድርገው አብረው ይሠራሉ። አብረው ይሠራሉ ማለትም አብረው ይነታረካሉ ማለት ነው።

የያዙት ሥራ የክትባት መጋዘኑ ነበር። በየጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ትገጠማለች፤ ዕቃዋ ሙቀቱን እየለካች በኔትወርክ ወደ ዋናው መጋዘን ትልካለች፤ መጋዘኑ ያለው ማሽን ቁጥሩን ያነባል፤ ሙቀቱ ከስምንት ካለፈ ደወል ይደውላል። ይህ ሁሉ የመጣው ባለፈው የበዓል ሰሞን የአንድ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ሰው በሌለበት ተበላሽቶ፣ ክትባቱ በሙሉ ተደፍቶ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ከበር ስለተመለሱ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ አንዲት ጠና ያሉ ፋርማሲስት፣ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

የዕቃዋ ፕሮግራም የጩጬ ነው። የመጋዘኑ ማሽን ፕሮግራም የእትዬ ነው። ያ ማሽን ከቁም ሣጥን የማይተናነስ አሮጌ ነው፤ ሌላው ሁሉ በአዲስ ሲተካ አልሞት ባይ ሆኖ የቀረ። እትዬ ሥራ የለመደችው በእሱ ላይ ነው። የሱን መንታ መጋዘኑ ሊጥለው ሲል ለምና ወስዳ ቤቷ አስገብታዋለች፤ ለሙከራ ከተዋሱት ማቀዝቀዣ ጋር የሚሞክሩትም በእሱ ነው፤ አቧራውን የምትጠርግለት በራሷ ሻርፕ ነው። ሰው ቢስቅባትም ግድ የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራትን የምታህል ቁጥር እንኳ በኔትወርክ ስትጓዝ ሁለት ባይት፣ ማለትም ሁለት የቁጥር ቁራጭ፣ ይዛ ነው የምትሄደው፤ አንዱ ባይት የቁጥሩን ትልቅ ክፍል፣ ሌላው ትንሹን ክፍል ይይዛል። እስከዚህ ድረስ እህትና ወንድም ተስማምተዋል፤ ለዚህችም ስምምነት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈዋል። ችግሩ የቱ ይቅደም የሚለው ነው። የእትዬ ማሽን ትልቁን ክፍል ያስቀድማል፤ የጩጬ ዕቃ ትንሹን። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። አንዱ ሰው የራሱን ስም ጽፎ የአባቱን እንደሚያስከትል፣ ሌላው ደግሞ የአባቱን አስቀድሞ የራሱን እንደሚያስከትል ማለት ነው፤ ሳይነጋገሩ ቅጽ ከተለዋወጡ ልጅ አባት፣ አባት ልጅ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጩጬ አራትን ሲልክ አራቱ ከፊት ሆኖ ይደርሳል፤ የእትዬ ማሽን ከፊት ያየውን ሁሉ ትልቁ ክፍል ነው ብሎ ስለሚያምን በሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ያባዛዋል። አንድ ሺህ ሃያ አራት የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ቁጥሩን አንድ ሰው መገልበጥ እንዳለበትም ያውቃሉ። ማን ይገልብጥ በሚለው ላይ ነው ግግም ያሉት።

"በኋላ የመጣ ነው የሚያመቻቸው" አለች እትዬ። "ይሄ ማሽን አንተ ዳዴ ስትል ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው።"

"ያንቺ እኮ አንድ ነው፤ የኔ በየጤና ጣቢያው ነው የሚገባው። አንዱ ቢለወጥ አይቀልም?"

"ብዙ ስለሆንክ ልክ ሆንክ ማለት ነው?"

"አሮጌ ስለሆንሽ ልክ ሆንሽ ማለት ነው?"

እውነቱን ለመናገር ጠቡ የባይት አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጩጬ ሣህን እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ድርጅት ሥራ እንደሰጠው ነገራት። ድምፁ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ፤ ምን ትያለሽ? አላት።

እትዬ እንዲሄድባት አልፈለገችም። ቤቱ ያለ እሱ ሳልና ያለ እሱ ጭቅጭቅ ምን እንደሚመስል ባንድ አፍታ ታያት፤ ያየችውንም ጠላችው። ነገር ግን ያሳደጉትን ልጅ እንዴት አትሂድ ይሉታል? ዕድሉን ዘጋችበት መባል አልፈለገችም። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትለውን አለች።

"እንደፈለግህ።"

ጫማ ስትገዛለትም፣ ትምህርት ሲመርጥም፣ የሴት ጓደኛውን ቤት ሲያመጣም ያለችው ይህንኑ ነበር። በእሷ ልብ ውስጥ ይህች ቃል ብዙ ነገር የያዘች ናት፤ እወድሃለሁም፣ አላስርህምም፣ ግን እባክህ ሳልነግርህ ይግባህም ይገኝባታል። ጩጬ ሣህኑን አስቀምጦ እጁን አደራረቀና "እሺ" ብቻ ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ይገልብጥ በሚለው ጠብ ላይ ሁለቱም ከሚገባው በላይ ይጮሁ ጀመር።

የመጋዘኑ ሙከራ የተቀጠረው ሰኞ ነበር። ኃላፊዋ የመጀመሪያውን ማቀዝቀዣ በራሳቸው ቢሮ አጠገብ አስቁመው፣ ሥራው ካልተሳካ ገንዘቡ ወደ ሌላ ነገር እንደሚዞር ተናግረዋል። እትዬ ግን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ሥራው ከከሸፈ ጩጬን እዚህ የሚይዘው ምን ይቀራል?

እሑድ ከሰዓት እሱ ኳስ ሊያይ ሲወጣ፣ ከማሽኗ ፊት ብቻዋን ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ እጇን አጣጥፋ ስክሪኑን ስታይ ቆየች። ከዚያ "ይሁን፤ እኔ ልሸነፍ" ብላ፣ የሚደርሰውን ቁጥር ሁሉ የሚገለብጥ ኮድ በራሷ በኩል ጻፈች። አስቀምጣው በነበረ የዓርብ መልእክት ሞከረችው። አራት አለ። ልቧ ቅልል አላት። ለጩጬ አልነገረችውም፤ ነገ ቁጥሩ ሲስተካከል ራሱ አይቶ ይግባው ብላ ነው። መቼም ልማድ ነው።

መጋዘኑ ረጅም፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ የማይቋረጥበት ቤት ነው። ማሽኑ ከጥግ ቆሟል። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በእትዬ ትከሻ በኩል ያያሉ። ጩጬ ዕቃውን ማቀዝቀዣው ውስጥ ገጠመ፤ ኬብሉን ሰካ፤ ዞር ብሎ እህቱን አየና ፈገግ አለ። እንዲህ ፈገግ ካለላት ቆይቶ ነበር። እሷም ፈገግ አለች። ሁለቱም ልባቸው ሞልቷል።

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ወጣ። አንድ ሺህ ሃያ አራት።

ደወሉ ጮኸ። ኃላፊዋ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ።

ማንም አልተናገረም። ይህ ነበር ያልተለመደው። ሌላ ቀን ቢሆን ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው ተባብለው ጣሪያውን ባነሡት ነበር። አሁን እትዬ ኪቦርዷ ላይ አጎንብሳ የእሑዱን ኮድ በዓይኗ ትፈትሻለች፤ ምኑን ነው የሳትኩት እያለች። ጩጬም ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱን ይፈትሻል፤ ፊቱ ቀልቷል።

"ልጆቼ፣ ምነው ዝም አላችሁ?" አሉ ኃላፊዋ ደወሉን በእጃቸው ከዘጉ በኋላ። "ስትጣሉ ይሻላል እኮ፤ ቢያንስ ነገሩ ምን እንደሆነ ሰው ይሰማል።"

"የኔ ጥፋት ነው" አለች እትዬ።

"አይ፣ የኔ ነው" አለ ጩጬ።

ተያዩ።

"ያንተ እንዴት ይሆናል? የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ትናንት።"

ጩጬ ላፕቶፑን ወደ ጎን አደረገ። "አንቺ ገለበጥሽ? እኔ እኮ ነኝ የገለበጥኩት! ቅዳሜ፣ ገበያ ስትሄጂ። ዕቃው ከመላኩ በፊት እንዲገለብጥ አደረግኩት።"

እሱ ሲልክ ገልብጦታል፤ እሷ ሲደርሳት መልሳ ገልብጣዋለች። ሁለቴ የተገለበጠ ነገር የት እንደሚገኝ ብርድ ልብስ ያነጠፈ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለቱም በየግላቸው ፈትሸዋል፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም ለሌላው ብለው ተሸንፈዋል። እትዬ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ እንባዋ፤ የቱን እንደምታስቀድም ስላላወቀች ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ጩጬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

"በቃ የኔን አነሣለሁ" አለች እትዬ።

"የለም፣ እኔ ነኝ የማነሣው" አለ እሱ፤ እጁ ኪቦርዱ ላይ ደርሷል።

"ኧረ ቆዩ!" አሉ ኃላፊዋ። "ሁለታችሁም ካነሣችሁ ደግሞ ያው መጀመሪያ የነበራችሁበት አይደለም?"

ጩጬ ሳቁን አቋርጦ ተነሣና ከእህቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እትዬ" አለ ረጋ ብሎ፣ "ማን ይሸነፍ የሚለው ነገር ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም። መንገዱ የራሱ ደንብ አለው። ኔትወርኩ ማለቴ ነው፤ ከኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ተስማምተው ያስቀመጡት። በቤትሽ እንደፈለግሽ አስቀምጪ፤ ከደጅ ስትወጪ ግን በመንገዱ ደንብ ታደርጊዋለሽ፤ የሚቀበለው ደግሞ ከመንገዱ ደንብ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ላኪው ተቀባዩ ምን ዓይነት ማሽን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። የሚመልሰው ትእዛዝም በየማሽኑ፣ እንደ ማሽኑ አቀማመጥ፣ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ይህን እያወቅን ነው ስንጨቃጨቅ የከረምነው።"

"አውቀዋለሁ እንጂ" አለች። "የመንገዱ ደንብ ትልቁን ማስቀደም ነው። እንደኔ።"

"እንዳንቺ። ስለዚህ እኔ እቀይራለሁ፤ ደስ ይበልሽ።"

"እኔ ጋ ታዲያ ምን አስጻፈኝ? የኔ ማሽን ላይ ያ ትእዛዝ ምንም አይሠራም። ቁጥሩን ተቀብሎ ያንኑ ቁጥር መልሶ ይሰጠኛል። ምንም የማይሠራ መስመር ጽፌ አላውቅም።"

"ጻፊው።"

"ለምን?"

"ነገ በቦታው ሌላ ማሽን ቢቀመጥስ?"

ይህን ማለት አልነበረበትም። እትዬ ፊቷን አጠቆረች፤ ማሽኑን ያስቀየመባት ያህል ገጽታውን በእጇ ዳበሰችው። ጩጬም ገብቶታል። "ለኔ ስትይ ጻፊው" አላት።

የእሑዱን መገልበጫ አጥፍታ ለእሱ ስትል ጻፈችው። አንዲት አጭር መስመር ናት። ስትጽፋትም አጉረመረመች፤ ከመስመሯ አጠገብ "ይህች ምንም አትሠራም፤ ወንድሜ ስለለመነኝ ነው" የሚል ማስታወሻ አስገባችበት። ጩጬ በበኩሉ የራሱን አስተካከለ። ኬብሉ ተሰካ። ስክሪኑ ላይ አራት የሚል ቁጥር ወጣ፤ ኃላፊዋ የማቀዝቀዣውን በር ከፍተው ሲጠብቁ አምስት፣ ቀጥሎም ስድስት አለ። ዘጠኝ ሲሞላ ደወሉ ጮኸ። ኃላፊዋ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

በመመለሻቸው ላይ፣ ዕቃቸውን በየትከሻቸው አንጠልጥለው ሲሄዱ፣ እትዬ ልቧ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም ነበር። ሥራው ተሳክቷል። ደግሞም ወንድሟ ለእሷ ብሎ ተሸንፏል። አሁን አይሄድም ብላ ነበር።

"እትዬ፣ ጠዋት መልስ ሰጥቻቸዋለሁ" አለ ጩጬ መንገዱን እያየ። "ለዚያ ለድርጅቱ። እሺ ብያቸዋለሁ።"

እግሯ እንዳይቆም ታገለችው። "ምነው ቸኮልክ?"

"እንደፈለግህ አላልሽኝም? ብሄድ ግድ የላትም ብዬ ነው። በኃላፊዋ ፊት ያን ሁሉ ስታደርጊ ሳይሽ ግን..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እንድትጨርስለት ጠበቃት።

ያኔ መናገር ነበረባት። ነገር ግን አንዴ እሺ ብሏቸዋል፤ ከቃሉ እንዲመለስ ማድረግ ነውር መሰላት። "እንኳን ደስ ያለህ" አለችው። ሻንጣውንም ራሷ አዘጋጀችለት፤ ሸሚዞቹን አጣጥፋ ስትጨርስ ፈትታ እንደገና አጣጠፈቻቸው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጁን አወዛወዘላት። እሷም አወዛወዘች፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላም ቆማ ነበር።

ቤቱ እንደፈራችው ሆነ። ስልክ ይደዋወላሉ። በላህ ወይ፣ ብርድ አለ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው። ከዚህ ወዲያ አንዳቸውም አይሉም። እሷ ድምፁን ሰምቼ ናፍቆቱን አውቃለሁ ትላለች፤ እሱ ምን እንደሚል ማን ያውቃል።

ዓመት ሊሞላው ሲል የመብራት ኃይል ድንገት ሄዶ ድንገት ሲመለስ የመጋዘኑ ማሽን ተቃጠለ። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ኃላፊዋ ይህን በስልክ ነገሯት፤ የዓመቱ ክትባት በዚያው ጠዋት በየጤና ጣቢያው ተራግፏል፤ ማቀዝቀዣዎቹን የሚጠብቅ ግን የለም። እትዬ መንታውን ላምጣ ብላ ወደ ወርክሾፑ ሮጠች። ብታበራው እሱም አይነሣም፤ ለካ ያው መብራት እሱንም አግኝቶት ኖሯል። እጇን ላዩ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች፤ ለሐዘን ግን ጊዜ አልነበራትም። ፕሮግራሙን ያስቀመጠችበትን ዲስክ ይዛ ወጣች።

መጋዘን ስትደርስ ከሒሳብ ክፍል የተዋሱት አዲስ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ትንሹን ክፍል የሚያስቀድም፣ እንደ ጩጬ ዕቃ። እትዬ ልቧ ወደቀ። በአሮጌው ማሽን ልማድ የጻፈችውን ሁሉ መፈልፈል፣ ማስተካከል፣ እንደገና መሞከር አለ፤ ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ጀመረች። ፕሮግራሙን አስገብታ ለአዲሱ ማሽን ኮምፓይል አደረገችው፤ ወደሚገባው ቋንቋ አስተረጎመችው ማለት ነው። እንደው የጥፋቱን ልክ ልየው ብላ አስነሣችው። አንድ ሺህ ሃያ አራትን ስትጠብቅ ትከሻዋን አጥብቃ ይዛለች።

አራት።

ቀጥሎ ሌላ ጤና ጣቢያ፣ አምስት። ቀጥሎ አራት። ቀጥሎ ሦስት። በየመስመሩ የየጤና ጣቢያው ስም፣ ከጎኑ ትክክለኛው ሙቀት። ኃላፊዋ ከኋላዋ "ተመስገን" አሉና ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

እትዬ ማመን አቃታት። ኮዱን ከፍታ ከላይ ወደ ታች ወረደች፣ እዚያች መስመር ላይም ደረሰች። ይህች ምንም አትሠራም፤ ወንድሜ ስለለመነኝ ነው። አሮጌው ማሽን ላይ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትታ የተቀመጠችው መስመር፣ ዛሬ የሚደርሰውን ቁጥር ሁሉ ከመንገዱ ደንብ ወደ አዲሱ ማሽን ደንብ እየመለሰች ነው። ማንም አልነገራትም፤ ማንም አላስተካከላትም። ጩጬ ይህን ቀን አስቦላት ነበር፤ እሷ ቅር ብሏት አጉረምርማለች። እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ሲል በእጅጌዋ ጠረገችው።

ወደ ግቢው ወጥታ ደወለችለት።

"እትዬ? ምነው በሥራ ሰዓት? ደህና ነሽ?"

"ማሽኔ ሞተ።"

"ወይኔ እትዬ..." አለ። ከልቡ ነበር። "ክትባቱስ?"

"ሌላ ማሽን አስቀመጡ። ያንተን ዓይነት። ፕሮግራሙን አስነሣሁት፤ ባንዴ አራት አለ።"

ሲስቅ ሰማችው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የሳቀውን ዓይነት ሳቅ። "ያቺ መስመር!" አለ። "ማስታወሻውን አጥፊው በይ፤ ትሠራለች እኮ!"

"አላጠፋውም።"

ሳቁ ሲያልቅ ጩጬ ስለ አየር ጠባይ በሚያወራ ሰው ድምፅ፣ ያን ቀን ሣህን ሲያጥብ እንደነበረው፣ "ኮንትራቴ ወር ላይ ያልቃል" አለ። "እናድስልህ ብለውኛል። ልፈርም ወይስ... እኔ እንጃ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እንደ..." አለች እትዬ፤ ቃሏ ከአፏ ሊወጣ ሲል ምላሷን ነከሰች። በልቧ ያለውን ሁሉ በልቧ አቀማመጥ ስትልክለት ነው የኖረችው፤ እሱም ያንን በራሱ አቀማመጥ ሲያነብ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እሱ ግን ሄዷል።

"እትዬ? አለሽ?"

"አለሁ" አለች። "ና። አትፈርም፤ ና። ያኔም እንድትሄድ አልፈለግኩም ነበር።"